ኮሩ 62፣ ሜሞሪው 110፦ አዳማ ላይ አንድ ግራፊክስ ካርድ ለምን እንደጋለ የደረስንበት መንገድ

በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አዳማ በተከራየነው ቤት ባቆምነው አነስተኛ የማይኒንግ ሪግ (በስሌት ዲጂታል ገንዘብ የሚያወጣ ኮምፒዩተር) ላይ፣ ከአራቱ ግራፊክስ ካርዶች ሦስተኛው በየቀኑ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ መድከም ጀመረ። አራቱም ባለ10 ጊጋባይት ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ የምናወጣው ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ነበር። ሦስቱ ካርዶች በሴኮንድ 96 እና 97 ሜጋሃሽ (ሚሊዮን ስሌት) ሲሰጡ፣ ይኸኛው ከሰዓት በኋላ ወደ 80፣ ፀሐይ በበረታባቸው ቀናት ደግሞ ወደ 70 ይወርዳል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ማንም ሳይነካው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሕመሙን ለይተን እስክናድነው ድረስ ከአምስት ሳምንት በላይ ፈጅቶብናል፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ጊዜ የባከነው ያልታመመውን በማከም ነው። ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ያን ያህል እንዳይንገላታ ያየነውን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ያሳሳተን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ነው። የማይኒንግ ፕሮግራማችን በእያንዳንዱ ካርድ ትይዩ አንድ የሙቀት ቁጥር ብቻ ያሳይ ነበር፤ የሦስተኛው ካርድ ቁጥርም 62 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፣ ይህም ለእንዲህ ዓይነቱ ካርድ እጅግ መልካም የሚባል ነው። ፋኖቹ በሙሉ ኃይላቸው መዞራቸው ትንሽ ቢያጠራጥረንም ቁጥሩን አምነን «ሙቀት አይደለም» አልን። ስለዚህ ኢንተርኔቱን ጠረጠርን፤ ድራይቨሩን አጥፍተን እንደገና ጫንን፤ ዊንዶውስን እንዳለ ከባዶ አስገባን፤ ፓወር ሰፕላዩን ከጓደኛ በተዋስነው ቀየርን። በዚህ ሁሉ አንድ ሳምንት አለፈ፤ ካርዱም እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላ ይደክማል፣ ሌሊት ይነቃል።

ነገሩ የተገለጠልን ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ስንጭን ነው። አንድ ግራፊክስ ካርድ አንድ ሙቀት ብቻ የለውም። የመጀመሪያው የዋናው ቺፕ፣ ማለትም የኮሩ አማካይ ሙቀት ሲሆን፣ አብዛኛው ፕሮግራም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ሆትስፖት የሚባለው፣ በዚያው ቺፕ ላይ ከሁሉም ይበልጥ የጋለው ነጥብ ሙቀት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በኮሩ ዙሪያ የተደረደሩት የሜሞሪ ቺፖች ሙቀት ነው። ኤችደብሊው ኢንፎን ከፍተን ወደ ታች ስንወርድ፣ የሦስተኛው ካርድ ኮር 62፣ ሆትስፖቱ 75፣ ሜሞሪው ግን 110 ዲግሪ ላይ ተቸክሎ አገኘነው። አርቲኤክስ 3080 የሚጠቀመው ጂዲዲአር6ኤክስ የተባለውን ሜሞሪ ነው፤ ይህ ሜሞሪ 110 ሲደርስ ካርዱ እንዳይቃጠል ራሱን ቀስ ያደርጋል። የሃሽሬታችን፣ ማለትም በሴኮንድ የሚሠራው ስሌት ብዛት፣ መውረድም ይኸው ራስን የማዳን ሥራ ነበር። የኢቴሪየም ስሌት ደግሞ ከኮሩ ይልቅ ሜሞሪውን ያለ ዕረፍት የሚያሠራ በመሆኑ፣ ኮሩ በርዶ ሜሞሪው መንደዱ የሚጠበቅ ነገር እንጂ እንቆቅልሽ አልነበረም፤ እኛ ሳናውቀው ቀርተን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ሁሉም ካርድ የሜሞሪውን ሙቀት አያሳይም። ለምሳሌ ተራውን ጂዲዲአር6 የሚጠቀመው አርቲኤክስ 3070 ይህን ቁጥር ለተጠቃሚው አይሰጥም፤ የኤኤምዲ 5700 እና የ6000 ተከታታይ ካርዶች ግን ይሰጣሉ። ቁጥሩ የማይታይበት ካርድ ያለው ሰው ኮሩ በርዶ ሃሽሬቱ ከቀኑ ሙቀት ጋር አብሮ ሲወርድና ሲወጣ፣ ወይም በሙቀት ሰዓት ስሕተት የሆኑ ስሌቶች ሲበዙበት ካየ፣ ሜሞሪውን ቢጠረጥር አይሳሳትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝን። በየሁለት ሰዓቱ የክፍሉን ሙቀት፣ የአራቱንም ካርዶች የኮር፣ የሆትስፖትና የሜሞሪ ሙቀት፣ የፋኖቹን ዙርና ሃሽሬቱን እንመዘግባለን። የክፍሉን ሙቀት የምንለካው ካርዶቹ አየር ከሚስቡበት ጎን በሰቀልነው ተራ ቴርሞሜትር ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ መስቀል ትርጉም የለውም፣ ምክንያቱም ካርዱ የሚያውቀው ወደ ራሱ ፋን የሚገባውን አየር ብቻ ነው። ደብተሩ ባንድ ሳምንት ውስጥ ግልጽ የሆነ ነገር አስተማረን፦ የሚገባው አየር በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጤነኞቹ ካርዶች ሙቀትም በ10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሌሊት ክፍሉ 25 ዲግሪ ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ በኮርኒሱ በኩል ወደ ታች በሚለቅበት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ 37 ይደርሳል። ይህ የ12 ዲግሪ ልዩነት ካርዱ ሌሊት ድኖ ቀን የሚታመምበትን ምክንያት ሙሉ በሙሉ ያስረዳል።

ሆኖም ሦስቱ ካርዶች በዚያው ክፍል እየሠሩ ሳይታመሙ አንዱ ለምን ታመመ? ለዚህ ጥያቄ መንገዱን ያሳየን ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጎረቤታችን ፍሪጅ ይጠግናሉ፤ አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ መጥተው የእኛን ጭቅጭቅ ሲሰሙ፣ «ዕቃው ነው የታመመው ወይስ የተቀመጠበት ቦታ?» ብለው ጠየቁን። ወንድሜ «ጋሼ፣ እሱን በምን እናውቃለን?» ቢላቸው፣ «ደህናውን እሱ ቦታ አድርጉት፣ እሱን ደህናው ቦታ አድርጉት፤ ሕመሙ ዕቃውን ተከትሎ ከሄደ ዕቃው ነው፣ ቦታው ላይ ከቀረ ቦታው ነው» አሉት። በእኔ እምነት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው፤ ካቻቢቴ ሳይነሣ፣ ሳንቲም ሳይወጣ የሚደረግ ምርመራ ነውና።

በማግሥቱ ሪጉን አጥፍተን ሦስተኛውን ካርድ በመስኮቱ አጠገብ ካለው ከመጀመሪያው ጋር አቀያየርናቸው፤ ገመዱንና ራይዘሩን (ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ማራዘሚያ) ግን በየቦታቸው ተውን። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የታመመው ካርድ በመስኮቱ በኩል ሆኖ ሜሞሪው 104 ሆነ፤ ጤነኛው ካርድ በሦስተኛው ቦታ ሆኖ ከ88 ወደ 96 ወጣ። ስለዚህ መልሱ «ሁለቱም» ነበር፦ ቦታው ብቻውን ወደ 8 ዲግሪ ይጨምራል፣ ካርዱ ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ ከጤነኛው በ16 ዲግሪ ይበልጣል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ 110 የሚለው ቁጥር ካርዱ ፍጥነቱን እየቀነሰ የሚቆምበት ጣሪያ እንጂ የሕመሙ ትክክለኛ ልክ አለመሆኑ ነው። ካርዱ ጣሪያው ላይ ካለ ሌላ አምስት ዲግሪ ብታሻሽሉለትም ቁጥሩ 110 ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ መሻሻሉን የሚነግራችሁ ሃሽሬቱ ነው።

ከቦታው ጀመርን። ሪጋችን አናጢ በሠራልን የእንጨት ፍሬም ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥተን ነበር ያቆምነው። ሦስተኛውና አራተኛው ካርድ ወደ ጥጉ ይገባሉ፤ ከካርዶቹ የሚወጣው ትኩስ አየር ግድግዳውን መትቶ ይመለስና መልሰው ይስቡታል። ፍሬሙን ከግድግዳው 50 ሳንቲሜትር አራቅነው፤ በካርዶቹ መካከል የነበረውን የአራት ጣት ክፍተትም ወደ አንድ ስንዝር አሰፋነው። ይህ ብቻ የሦስተኛውን ቦታ ከመጀመሪያው ጋር ሊያስተካክለው ጥቂት ቀረው።

ቀጥሎ የሠራነው ሥራ ግን ከንቱ ነበር። ትልቅ ቬንትሌተር ገዝተን ከሪጉ ፊት ለፊት አቆምን፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁጥሮቹ ወርደው አስደሰቱን፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ተመልሰው ወጡ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ቬንትሌተር ያንኑ የጋለ አየር ያማስላል እንጂ ሙቀቱን ከቤት አያስወጣም። ሪጋችን ከግድግዳው ሶኬት ወደ 1,100 ዋት ይስባል፤ ማይኒንግ ደግሞ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ እንዳለ ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት እንደሚወስድ ካሰብን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የምጣድ ሲሶ ያህል እሳት ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ እየነደደ ነው ማለት ነው። ይህን ሙቀት ወደ ውጭ ማውጣት የግድ ነው።

ምን ያህል አየር መውጣት እንዳለበት ወንድሜ አሰላው። ከክፍሉ የሚወጣው አየር ከሚገባው ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ ለ1,100 ዋት በሰዓት ከ400 ሜትር ኩብ በላይ አየር መለወጥ አለበት። በስሌቱ ውስጥ የከተማችንም ከፍታ ይገባል፤ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር ከአንድ ስድስተኛ በላይ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ዙር የሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ነው። በባሕር ጠለል ደረጃ ያሉ ሰዎች «የእኔ ካርድ በ60 በመቶ ፋን 85 ዲግሪ ላይ ነው» ሲሉ ሰምቶ የራሱን ካርድ በሽተኛ ነው ብሎ የሚደነግጥ ሰው ይህን ማሰብ ይኖርበታል። አዲስ አበባ አየሩ ከዚህም የሳሳ ነው፣ ነገር ግን ቅዝቃዜው ይክሰዋል፤ አዳማ ላይ ግን ሙቀቱም የአየሩ መሳሳትም አብረው ነው የሚመጡት።

አየር ማስወጫውን በመስኮቱ የላይኛው ክፍል፣ ትኩሱ አየር በሚሰበሰብበት በኩል ገጠምነው፤ የሚገባው አየር ደግሞ በተቃራኒው ጎን በበሩ ሥር እንዲመጣ አደረግን። ሁለቱ ባንድ ጎን ቢሆኑ የሚገባው አየር ሪጉን ሳያገኝ አቋርጦ ይወጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት 37 ይደርስ የነበረው የክፍሉ ሙቀት 31 ላይ ቆመ።

አዳማ ነፋስ እንደማያጣት የሚያውቅ ሰው «መስኮቱን መክፈት አይበቃም ወይ?» ሊል ይችላል። ከከተማዋ አጠገብ ኮረብታ ላይ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው፣ ያለ ምክንያት አልቆሙም። ግን ያው ነፋስ በበጋ አቧራውን ይዞ ነው የሚገባው፤ ከፍተን በተውንባቸው ሁለት ሳምንታት ውስጥ በፋኖቹና በሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከቺፖቹ በሚወስደው ብረት) ክንፎች መካከል ግራጫ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተነጥፎ አገኘን። ስለዚህ አየሩ በሚገባበት በኩል ስስ ጨርቅ ወጠርን፤ ጨርቁ ግን የአየሩን መንገድ ስለሚያጠብ ከቀዳዳው ሦስት እጥፍ የሚሰፋ ፍሬም ላይ ነው የወጠርነው፣ በየእሑዱም ይታጠባል።

አቧራውን ስናጸዳ ልንሠራው የነበረ ጥፋት ነበር፤ ሌላው እንዳይሠራው እነግራለሁ። ካርዶቹን ወደ ጎሚስታ ወስደን በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ልናስነፋቸው ተነሥተን ነበር። ጎረቤታችን ናቸው ያስቆሙን፤ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት እንደሚተፋ፣ ግፊቱም ለስስ ዕቃ ከባድ መሆኑን ነገሩን። በምትኩ የኤሌክትሪክ ብሎወር ተውሰን፣ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ እያገዝን ግቢ ውስጥ አጸዳናቸው። በሚነፋበት ጊዜ የፋኑን ክንፍ በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልተያዘ ፋኑ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ተሽከርክሮ ኩሽኔታው ይጎዳል። በዚያው አጋጣሚ የእያንዳንዱን ፋን ጤንነት አየን፦ ሪጉ ሲሠራ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ከፋኑ ፊት በመያዝ ሦስቱም አየር እንደሚስቡ ማረጋገጥ ይቻላል። ፕሮግራሙ «100 በመቶ» ማለቱ ፋኑ ታዘዘ ማለት እንጂ ዞረ ማለት አይደለም።

ካርዱን ከመፍታታችን በፊት የመጨረሻው እርምጃ ሴቲንጉ ነበር፤ ይህ መጀመሪያ መምጣት የነበረበት ነገር ነው። አርቲኤክስ 3080 ከፋብሪካው 320 ዋት እንዲወስድ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ለኢቴሪየም ግን ያን ያህል አያስፈልገውም ነበር። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም የኃይል ገደቡን ወደ 70 በመቶ፣ የኮሩን ፍጥነት ወደ 1,100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስናወርደው ካርዱ የሚወስደው ወደ 225 ዋት ወረደ፤ ሃሽሬቱ ግን አልቀነሰም። የሌሎቹ ሦስቱ ሴቲንግ ከመጀመሪያውም ይኸው ነበር፤ በሦስተኛው ካርድ ላይ ግን ዊንዶውስን እንደገና ስናስገባ ጠፍቶ ኖሮ በ280 ዋት ይሠራ ነበር። የሜሞሪውን ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ የጨመርንለትን፣ ከ1,000 ወደ 600 ስናወርድ ደግሞ ጥቂት ሜጋሃሽ አጥተን አራት ዲግሪ አተረፍን። በዚህ ሁሉ የካርዱ ሜሞሪ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 102 ሆነ። ከጣሪያው ወርዷል፣ ሃሽሬቱም አይወድቅም፤ ሆኖም ጎን ለጎኑ ያሉት 84 ላይ እያሉ 102 መሆኑ ውስጡ የተበላሸ ነገር እንዳለ ይናገራል።

ካርዱን ያገለገለ ሆኖ ስለገዛነው ዋስትና አልነበረውም፤ ዋስትና ያለው ሰው ግን ከመፍታቱ በፊት መክፈቱ ዋስትናውን ያሳጣው እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ አለበት። ከፈታነው በኋላ ያየነው ይህ ነው፦ በሜሞሪ ቺፖቹና በሂትሲንኩ መካከል ያሉት ቴርማል ፓዶች (ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ቁራጮች) ደርቀው እንደ አሮጌ ላጲስ ይፈረፈራሉ፤ ዘይታቸው ወጥቶ በካርዱ ላይ ተንዠቅዥቋል። ይህን ቅባት አይቶ ካፓሲተር የተባለው የኤሌክትሪክ ክፍል የፈነዳ የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም፣ የፓዱ ሲሊኮን ዘይት ነው። ፓዱ ሲደርቅ ቺፑን መልበስ ያቅተዋል፣ በመካከሉ አየር ይገባል፣ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። ኮሩ ፓድ ሳይሆን ቴርማል ፔስት፣ ማለትም ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ነው ያለው፤ እሱ ገና ደህና ስለነበረ ነው ኮሩ 62 ላይ ተረጋግቶ ያሳሳተን።

ቀጥሎ የመጣው ስሕተት የእኔ ነው፤ ለአንባቢ ከሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ይመስለኛል። አዳማ ውስጥ የፓድ ዓይነት ማማረጥ ስላልቻልን ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ ውፍረቱን ስጠየቅ «ወፈር ያለው ይሻላል» ብዬ ባለ2 ሚሊሜትር አዘዝሁ። ለጥፈን ስንዘጋው ሜሞሪው 82 ሆነ፣ ደስ አለን። ግን ኮሩ ከ62 ወደ 81፣ ሆትስፖቱ ወደ 106 ዘለለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሂትሲንኩ በኮሩም በሜሞሪውም ላይ ባንድ ጊዜ የሚያርፍ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ፓዱ ከልኩ በላይ ሲወፍር ብረቱን ያነሣውና ከኮሩ ጋር ያለውን ንክኪ ያላላዋል። በኮሩና በሆትስፖቱ መካከል ያለው ልዩነት በጤናማ ካርድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው፤ ከ20 ካለፈ ሂትሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይም ፔስቱ አልቋል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የእኛ 25 ነበር። በዚያው ቀን ሪጉን አጠፋነው፤ በዚያ ሁኔታ እንዲሠራ መተው ዋናውን ቺፕ ለአደጋ መስጠት ነው።

የፓድ ውፍረት ከአምራች አምራች፣ በዚያው አምራችም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ በአንዱ ካርድ ላይ እንኳ በሜሞሪው፣ በኃይል ማስተላለፊያ ክፍሎቹና በጀርባ ሽፋኑ በኩል ሦስት የተለያየ ውፍረት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ለ3080 ስንት ሚሊሜትር ነው?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ የሚያስፈልገው የሞዴሉን ሙሉ ስም ይዞ መጠየቅና የነበረውን ፓድ መለካት ነው። በካሊፐር ስትለኩ በቺፑ የተጨቆነውን መሐል ሳይሆን ሳይጨቆን የቀረውን ጠርዝ ለኩ። የእኛው ጠርዝ 1.5 ሚሊሜትር ነበር፤ አሮጌዎቹን ፓዶች ጠቅልለን አስቀምጠናቸው ስለነበር ነው መለካት የቻልነው፤ ጥለናቸው ቢሆን በጨለማ መዳከር ይሆንብን ነበር። ልኩን ማግኘት ለሚያቅተው ሰው በፓድ ፈንታ እንደ ሊጥ ያለ ቴርማል ፑቲ አለ፤ ሲጫን ክፍተቱን እያየ ስለሚሳሳ የውፍረት ጣጣ የለበትም።

ሁለተኛውን ጊዜ በጥንቃቄ ሠራነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ብሎን ከማውጣታችን በፊት ፎቶ አነሣን፤ ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በወረቀት ላይ የካርዱን ቅርጽ ሥለን እያንዳንዱን በየቦታው በፕላስተር ለጠፍን። ሂትሲንኩን ስታነሡ አትጎትቱት፤ የፋኖቹ ቀጭን ሽቦ ከካርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀስ ብሎ እንደ መጽሐፍ መክፈትና ሶኬቱን በጥፍር መንቀል ያስፈልጋል። አሮጌውን ፔስት ከፋርማሲ በገዛነው አልኮልና በማያበንን ጨርቅ ጠረግነው፤ የፋርማሲ አልኮል ውኃም ስላለበት፣ እስኪደርቅ ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቅን። በአዲሱ ፓድ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ በሁለቱም ፊት መነሣት አለበት፤ ወንድሜ አንዱን ረስቶት ሊዘጋው ሲል ነው ያየሁት። ሂትሲንኩን ስንመልሰው በኮሩ ዙሪያ ያሉትን አራት ብሎኖች አንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው አልሄድንም፤ በመስቀለኛ፣ እንደ መኪና ጎማ ቡሎን፣ እያንዳንዱን ጥቂት በጥቂት አጠበቅናቸው።

ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሞቃት ቀን፣ ክፍሉ 31 ዲግሪ ሳለ፣ ሦስተኛው ካርድ ኮሩ 58፣ ሆትስፖቱ 69፣ ሜሞሪው 84 ሆነ። የሜሞሪውን ኦቨርክሎክ ወደ ቀድሞው 1,000 መለስነው፤ 97 ሜጋሃሽ ሰጠ፣ ሜሞሪውም 88 ላይ ቆመ።

በዚህ መሐል ያገኘናቸው፣ ከካርዱ ሙቀት ጋር የሚምታቱ ሁለት አደጋዎች አሉ። አንዱ የመቃጠል ሽታ ነው። ሽታው ሲመጣ ካርዱ የተቃጠለ መስሎን ነበር፤ ያገኘነው ግን የሁለተኛው ካርድ ራይዘር ለሃርድ ዲስክ በተሠራው የሳታ ገመድ ኃይል ያገኝ ስለነበር ሶኬቱ ቡኒ ሆኖ መቅለጡን ነው። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት መሥመሩ የሚችለው 54 ዋት ሲሆን፣ ካርድ በራይዘሩ በኩል እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። ራይዘርን በሳታ ማገናኘት እሳት መጥራት ነው፤ ሰዎች ተኝተው የሚያድሩበት ቤት ውስጥ ደግሞ በፍጹም አይደረግም። ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። ሌሊት መብራት ሲመጣ ሪጉ ራሱን እንዲያስነሣ አድርገነው ነበር፤ ግን አፍተርበርነር ሴቲንጉን ዊንዶውስ ሲከፈት እንዲጭን አላዘዝነውም፣ ስለዚህ አንድ ሌሊት ካርዶቹ በፋብሪካው ኃይልና በፋብሪካው ፋን ሴቲንግ ሲሠሩ አድረዋል። ጠዋት ስንነሣ ሁለቱ ካርዶች 110 ላይ ነበሩ። አሁን ማይኒንግ ፕሮግራሙ ሴቲንጉ ከተጫነ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንዲጀምር፣ ኮሩም 75 ዲግሪ ካለፈ እንዲቆም አድርገናል።

ኢቴሪየም መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መውጣቱ ካበቃ በኋላ ሪጉን ራቨንኮይን ወደተባለ ሌላ ዲጂታል ሳንቲም ስናዞረው ነገሩ ተገለበጠ። የራቨንኮይን ስሌት ኮሩን በብርቱ የሚያሠራ በመሆኑ ኮሩን በ1,100 ሜጋኸርዝ ማሰር ሃሽሬቱን ይገድለዋል፤ ኮሩን ስንፈታው ደግሞ የኮሩና የሆትስፖቱ ሙቀት ወጣ፣ ሜሞሪው ወረደ። ስለዚህ ለአንዱ ሳንቲም የተስማማ ሴቲንግና የሙቀት ገደብ ለሌላው እንደማይሆን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በለወጣችሁ ቁጥር ደብተሩን ከአዲስ ገጽ ጀምሩ።

ከማይኒንግ የወጣ ካርድ ለቪዲዮ ሥራ ወይም ለጌም የሚገዛ ሰውም ሲገዛ የሚያደርገው ፍተሻ ይኸው ነው፦ ካርዱን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ኃይሉን እንዲሠራ አድርጎ ሦስቱንም ሙቀቶች በኤችደብሊው ኢንፎ ማየት። በማይኒንግ መሥራቱ ብቻ ካርዱን መጥፎ አያሰኘውም፤ ፓዱ መድረቁ ግን የሚጠበቅ ነው፣ ወጪውም ከዋጋው ላይ መነሣት አለበት።

ደብተሩ እስከ ዛሬ አለ። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የሁለተኛው ካርድ ሜሞሪ፣ የክፍሉ ሙቀት ሳይለወጥ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ86 ወደ 93 ሲወጣ አየነው፤ ሃሽሬቱ ገና አልተነካም ነበር። በዚያው ሳምንት እሑድ ከፈትነው፤ ፓዶቹ መድረቅ ጀምረዋል። ባለ1.5 ሚሊሜትሩ ተርፎ ስለነበር ወዲያው ቀይረን ዘጋነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሥራውን ጀመረ፣ ሜሞሪውም 83 ሆነ።